ዘይት የማታንጠባጥበው አውሮፕላን

ባለቤቴ ሮይደን ሠላሳ አንድ ዓመት የሸንኮራ ባቡር ነድቷል፤ ከስኳር ፋብሪካው ተነስታ በእርሻዎቹ መሃል እየተጠማዘዘች የምትሄደውን፣ ሮጦ የሚቀድማት ልጅ የማታጣውን ያቺን ትንሽ ባቡር። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር፣ ከምሰሶዎቹ መሃል፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬ አጠገብ፣ አንድ አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ ጠረጴዛ አደረገው።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት።

«እንጃ። ጠረጴዛ ካለ ሥራ አይጠፋም።»

በወሩ በአቅራቢያችን ካለው ትልቅ ከተማ፣ ከታውንስቪል፣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ ከቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ጋር እንደ ዓሣ አጥንት የተያያዙ መቶ ምናምን ቁርጥራጮች ነበሩ። ተገጣጥመው የጦር አውሮፕላን ይሆናሉ፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ። ከዚያ ወዲህ በስምንት ዓመት ውስጥ ስምንት ሠራ። ስምንት ብቻ የሆነው ሮይደን ቀስ ያለ ሰው ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ በትንሽ ቢላ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ወደ ብርሃን ያነሣል፣ እንደገና ይፈትጋል። የአብራሪውን ቀበቶ የሚሠራው ከሻይ ፓኮ ውስጥ ከሚወጣው ብርማ ወረቀት ነው፤ ውፍረቱ ከስፌት ክር አይበልጥም። ከአብራሪው ፊት ያሉትን የቆጣሪዎቹን ነጥቦች ደግሞ በመርፌ ጫፍ ይቀባል።

«ይኼን ማን ያየዋል?» አልኩት አንድ ቀን፣ አንሶላ እየጨመቅኩ።

«ማንም። መስታወቱ ሲገጠም ጭራሽ አይታይም» አለኝና፣ ያመሰገንኩት ይመስል ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ጎረቤታችን ክላሪ ዊልሞት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ክፍተት አልፎ ይመጣ ነበር። ክላሪ ከሮይደን በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። በፋብሪካው ዋና መካኒክ የነበረ፣ ሮይደንንም ስለ ሞተር የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። ሲኒማ ቤቱ ሲፈርስ ያመጣነው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን ይዞ፣ ይተርበዋል።

«አንተ ሮይደን፣ እኛ ጃፓንን ለማሸነፍ አራት ዓመት አልፈጀብንም። አንተ አንድ ክንፍ ለማጣበቅ ወር?»

«እናንተ ብዙ ነበራችሁ።»

«ብዙ ነበርን እንጂ እንዳንተ ቢሆን ኖሮማ ዛሬ ሁላችንም ሩዝ ነበር የምንበላው።»

«ሩዝ ትወድ የለ እንዴ?»

«ዝም ብለህ አጣብቅ!»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ እሰማቸዋለሁ፤ ጣልቃ መግባት አልወድም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፌብሩዋሪ ላይ፣ ዝናቡ ሊያባራ እንቢ ባለበት ሰሞን፣ ግሌኒስ ጃንጥላዋን እያራገፈች መጣች። ግሌኒስ የዘማቾች አዳራሽ ጸሐፊ ናት። የመጣችው ስለ ኮሊን ፓስኮ ነበር። ኮሊን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፤ ከከተማችን የወጣ ብቸኛው ተዋጊ አብራሪ። በ1942 ኒው ጊኒ ላይ አንድ ቀን ጠዋት በኪቲሃውክ አውሮፕላኑ ተነሥቶ በረረ፣ በዚያው ቀረ። እሱም አውሮፕላኑም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ፎቶው አዳራሹ ግድግዳ ላይ አለ።

«ከፎቶው ሥር አውሮፕላኗን በመስታወት ሣጥን ላስቀምጥለት ፈልጌ ነበር» አለች። «ለአንዛክ ቀን ይደርስልሃል ሮይደን? ኤፕሪል ሃያ አምስት?»

ሮይደን ጣቶቹን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ ብሩሾቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ «መርል፣ አውሮፕላኗ ካለች ክላሪ ይመጣል» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የኮሊንን አውሮፕላን ኒው ጊኒ ላይ ሲጠብቅ የነበረው መካኒክ ክላሪ ነው፤ የአንድ ከተማ ልጆች እዚያ መገናኘታቸው ዕድል ነው። ክላሪ ከ1946 ወዲህ አዳራሹን ረግጦ አያውቅም። በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት በአንዛክ ቀን፣ ከተማው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ሐውልቱ ሥር ቆሞ ስሞቻቸው ሲነበቡ፣ በኋላም አዳራሽ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ፣ እሱ ጓሮው ውስጥ የሣር ማጨጃውን ሞተር ፈታትቶ ያጥባል። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሮይደን ግን በየዓመቱ ከአዳራሹ ስንመለስ፣ ከአጥሩ ማዶ ላምባ ሲሸተው፣ ይከፋዋል። አሁን ሰባ ስምንት ዓመት የሞላውን ሽማግሌ ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ያገኘ መሰለው።

ሠራ። ፌብሩዋሪንና ማርችን ሙሉ ሠራ። ከላይ አረንጓዴና ቡኒ፣ ከሥር ደመና የመሰለ ግራጫ ቀባት። ከክንፎቹ በታች ሰማያዊና ነጭ ክብ ምልክቶች በውሃ አላቅቆ ለጠፈ። ክላሪ እንደ ልማዱ ይመጣል፤ ስለዚህች አውሮፕላን ግን ቀልድ አይቀልድም። ሮይደን ሲጠይቀው በአጭሩ ይመልሳል፦ «አዎ፣ ቡኒ።» «አይ፣ እሱ ዝቅ ይላል።» የመጨረሻውን ሳምንት ሮይደን «ሲያልቅ ነው የማሳይህ» ብሎ፣ ዝንብ እንዳይነካው ኬክ በምሸፍንበት መረብ ከደናት።

የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ማቆሸሽ ነው። እነዚህ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ንጹሕ አውሮፕላን መጫወቻ ይመስላል ይላሉ፤ ታውንስቪል ሲወዳደሩም ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ጥቀርሻውን ነው። ሮይደን ቀለሙ የተላጠ እንዲመስል በብርማ ቀለም ጫር ጫር አደረጋት፣ ከጭስ ማውጫዎቹ ኋላ ጥቁር ጥላ አለበሳት። ከዚያ ገለበጣትና፣ ጥቁር ቡኒ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ፣ ከሞተሩ ሥር እስከ ጭራዋ ድረስ ዘይት አፈሰሰባት። ጠብታዋን በደረቅ ብሩሽ ወደ ኋላ ይስባታል፣ ነፋስ የገፋት ትመስላለች። ለዚህች ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። እውነት ለመናገር፣ እጄን ልጠርግ ቃጥቶኝ ነበር። በላዩ ቫርኒሽ ቀብቶ ሲጨርስ ኤፕሪል አራት ነበር።

በማግስቱ ክላሪን ጠራው። መረቡን አነሣሁት። ክላሪ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አያት። ጭስ ማውጫዎቹን በዓይኑ ቆጠረ፤ በአፍንጫዋ በኩል ያሉት ስድስቱም ነበሩ።

«ወይ አንተ ሰውዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷው ናት።»

ሮይደን እስከ ጆሮው ቀላ።

ክላሪ በሁለት ጣቱ ክንፏን ይዞ አነሣት፤ ገለበጣት። መካኒክ ነው፣ አውሮፕላን ከሆዷ ነው የሚያየው። እጁ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው። እውነት እንድትመስል ብዬ።»

«የማን አውሮፕላን ነው ያልከኝ?»

«የኮሊን ናት እንጂ።»

ክላሪ በጥንቃቄ፣ በጎማዎቿ አቁሞ አስቀመጣት። ሻዩን አልነካውም። በአጥሩ ክፍተት ሲወጣ ትከሻው ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ፣ ዞር ብሎም አላየ።

ስድስት ቀን አልመጣም። ሮይደን በየከሰዓቱ ሁለት ኩባያ እያወጣ አንዱን ይመልሳል። በዚህ መሃል ግሌኒስ ብቅ ብላ አውሮፕላኗን አየችና «ዘይቱ ሳይቀር! ወይኔ፣ ጉድ ነህ እኮ!» ብላ አጨበጨበች። ሮይደን አልሳቀም።

በሰባተኛው ቀን ትንንሽ ቂጣዎች ጋግሬ፣ የማንጎ ማርማላታ በትንሽ ብርጭቆ ጨምሬ ወደ ክላሪ ቤት ሄድኩ። ሰው ቤት ሳልጠራ መሄድ ይከብደኛል፤ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆሜያለሁ። ክላሪ ትንኝ ከሚከላከለው የወንፊት በር ኋላ ተቀምጧል። ግቢ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም፣ እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሮይደን ምን እንዳጠፋ አያውቅም» አልኩት።

«ሮይደን አላጠፋም።»

 ሳህኑን ጭኔ ላይ ይዤ ጠበቅኩ።

«ሆዷን በየቀኑ በላምባ ጨርቅ እጠርገው ነበር» አለ በመጨረሻ። «በየቀኑ መርል፣ ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃው ጉልበት ቢደርስ። ዘይት ያለባት አውሮፕላን የሆነ ቦታ ታፈሳለች ማለት ነው። የምታፈስ ከሆነች ደግሞ መካኒኳ ሰነፍ ነው። ኮሊን ከመነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጁን ከሥሯ ሰድዶ ያሳየኛል። ‹ደረቅ ናት ክላሪ› ይላል። ይወጣል። ያን ቀንም እንደዛው።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ አልተመለሰ። ተመቶ ይሁን፣ ሞተሩ ከድቶት ይሁን፣ ያየ የለም። ወደ ቤት የተመለስኩ ጊዜ፣ አርባ ስድስት ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ አባቱ ሻይ ይዞ መጣ። ‹ሞተሩ ደህና ነበር ወይ?› አለኝ። ‹ደህና ነበር ሚስተር ፓስኮ› አልኩት። ሰውዬው ሻዩን ሻዩን አየ። እኔን አላየኝም። ምንም ሳይል ሄደ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።»

አንድ እንሽላሊት በወንፊቱ ላይ ወጣች። ክላሪ በጣቱ ነካ አደረጋት፣ ወደቀች።

«አሁን ደግሞ ያንን ዘይት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ከተማው በሙሉ ሊያየው ነው።»

ቂጣውን ደረጃው ላይ ትቼለት ተመለስኩ። ለሮይደን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሲሰማ አውሮፕላኗን አላየም፤ እጁን ነው ያየው።

«የምሠራባቸው መጽሐፎች ላይ ሁሉም አውሮፕላኖች ዘይት አለባቸው» አለ።

«ሊኖርባቸው ይችላል።»

«የእሱ ግን የለባትም።»

«የእሱ የለባትም።»

አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሆዷን ማጽዳት ቀላል መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ዘይቱ ከቫርኒሹ ሥር ነው ያለው። ሮይደን ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ፣ በአኳራጅ ነክሮ፣ ቀስ እያለ ሲፈትጋት መጀመሪያ ቫርኒሹ እንደ ወተት ነጣ፣ ቀጥሎ ግራጫው ቀለም አብሮ መጣ፣ ቀጥሎ የአንዱ ክንፍ ሰማያዊ ክብ ተጨማድዶ ተነሣ። ሁለት ወር የለፋበት ሥራ በጥጥ ላይ ሲወጣ እያየ ጥጡን እየቀየረ መፈተጉን ቀጠለ። ግሌኒስ በስልክ «ለምን ታበላሸዋለህ? ማንም አያስተውለውም እኮ!» ብላዋለች። «አንድ ሰው ያስተውለዋል» ብሎ ዘጋው። ሮይደን በሕይወቱ ስልክ በሰው ላይ ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በኋላ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋታል።

ሆዷ ራቁቱን ሲቀር፣ በሁለት እጁ ይዟት በአጥሩ ክፍተት አለፈ። እኔ ከልብስ መስጫው ገመድ ሥር ነበርኩ፤ ሁለቱንም እሰማቸዋለሁ።

«ክላሪ።»

«ምን ፈለግህ?»

«እንዴት ነበር የምትጠርጋት? ከየት ጀምረህ?»

 ከዚያ ወንፊቱ ተንቋቋ።

«አምጣት እስኪ። … ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የተላጠችው? የተሸለተ በግ አደረግካት እንዴ?»

«ዘይቱን ሳወጣ ነው።»

«ሁሉንም አጸዳኸዋ! ጭሱንም?»

«ንጹሕ ነበረች አላልክም?»

«አንተ ሞኝ፣ ንጹሕ ማለት አዲስ ማለት አይደለም። ጭሱን መልስ። ጭስ ስትበር የሚመጣ ነው፣ ትንፋሿ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም። ዘይት ነው የእኔ ጥፋት። እዚህ ደግሞ፣ ክንፏ ከገላዋ በሚገናኝበት ላይ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ቀለሙን ላጠው። ኮሊን የግራ ክንፏን ረግጦ ነው የሚወጣው። ስንት ጊዜ ቀባሁት፣ ስንት ጊዜ ላጠው! ቀኙን አትንካ። በቀኝ ወጥቶ አያውቅም።»

«ጎማው ላይስ?»

«ጭቃ። የፈለግከውን ያህል ጭቃ። እዚያ አገር ጭቃ የሌለበት የእኛ ሻይ ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን አንዳንዴ።»

ክላሪ በማግስቱ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሮይደን ይቀባል፣ እሱ ይቆጣል። ተለጣፊ ምልክት ትርፍ ስላልነበረ ሮይደን የክንፉን ክብ በወረቀት ቆርጦ፣ በእጁ ቀባው። ችግሩ ማድረቁ ነበር። ዝናቡ ቀጥሏል፣ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው፣ ቀለሙ በሁለተኛው ቀንም ጣት ይይዛል። በዚህ በኩል ትንሽ ረዳሁ። የልብስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ጫማ ሻጋታ እንዳያወጣ ሁልጊዜ አንድ አምፖል ይበራል፤ እዚህ አገር አምፖል የሌለው ቁም ሣጥን የለም። አውሮፕላኗን ከቤተ ክርስቲያን ጫማዎቼ መሃል፣ ፕላስቲኩ እንዳይለሰልስ ከአምፖሉ ሁለት ስንዝር አርቄ አስቀመጥኳት። በየሰዓቱ በሩን ከፍቼ አያታለሁ። ኤፕሪል ሃያ ሦስት ላይ ደረቀች።

የአንዛክ ቀን ጎህ ሲቀድ እንደ ሁልጊዜው ሐውልቱ ሥር ቆምን፤ ክላሪ አልነበረም። ከዚያ ተመልሰን፣ ረፋዱ ላይ አውሮፕላኗን ልንወስድ ስንዘጋጅ፣ ክላሪ ጓሮው ውስጥ የሣር ማጨጃው ላይ ጎንበስ ብሏል። ሮይደን ና አላለውም። ፒክአፑን አስነሥቶ በመስኮት ጠራው።

«ክላሪ፣ መንገዱ ተቦርቡሯል። የሚይዛት ሰው ያስፈልገኛል።»

«መርል የለችም እንዴ?»

«መርል ኬክ ነው የምትይዘው።»

እውነቱን ነው፤ አርባ ስምንት ላሚንግተን፣ ቸኮሌትና ኮኮናት ውስጥ የተነከረ፣ በትልቁ ትሪ ጭኜ ላይ ነበር። ክላሪ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቤት ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ላይ ምንም ሜዳልያ የለም። ከእኔ ጎን ገባና አውሮፕላኗን መዳፎቹ ላይ አደረግንለት። በየጉድጓዱ እጆቹ ከመንገዱ ጋር አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አውሮፕላኗ አንድ ጊዜም አልተንገጫገጨችም።

አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ከውስጥ የኩባያ ድምፅና ሳቅ ይሰማል።

«መርል፣ እንኪ ያዣት» አለኝ።

ትሪውን በአንድ እጄ መያዝ እችል ነበር። አልያዝኩም። «እጄ ሞልቷል ክላሪ» አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ።

መሬት ላይ ሊያስቀምጣት አይችልም። ሮይደን በሩን ከፍቶ ያዘለት። ክላሪ ገባ።

ሰዎቹ ሲያዩት ድምፃቸው ቀነሰ፣ ከዚያ ደግሞ እንዳላዩ ሆነው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ግሌኒስ የመስታወት ሣጥኑን ከፍታ ትጠብቃለች። ሣጥኑ ወለል ላይ ሮይደን ያስመጣው የፊት መስታወት ተነጥፏል፤ አውሮፕላኗ በላዩ ስትቆም ሆዷ ከሥሯ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ክላሪ አቆማት። መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለና መስታወቱ ውስጥ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አያት። የኮሊን ፎቶ ከላዩ ነበር፣ ወደዚያም ቀና ብሎ አየ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ቀረበችና «የማን ናት እሷ?» ብላ ጠየቀች።

«ኮሊን ነበር የሚያበርራት» አላት ክላሪ። «የምጠብቃት እኔ ነበርኩ።»

«ታምራለች።»

«ደረቅ ናት» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ከአውሮፕላኗ ፊት ያለችውን ትንሽ ካርድ አነበበ። ሮይደን በራሱ እጅ፣ በማስመሪያ አስምሮ ነው የጻፋት፦ አብራሪ፣ ኮሊን ፓስኮ። መካኒክ፣ ሰርጀንት ክላረንስ ዊልሞት።

«ሰርጀንት?» አለ ክላሪ ጮክ ብሎ። «ማነው ሰርጀንት ያደረገኝ?»

«መሰለኝ» አለ ሮይደን።

«መሰለኝ ይላል እንዴ! ኮርፖራል ነበርኩ። ሰርጀንታችን አንድ ቀን ጨርቅ ይዞ አያውቅም። ግሌኒስ፣ እስክሪብቶ አለሽ?»

ቆሞ፣ ሣጥኑን ተደግፎ፣ «ሰርጀንት» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ኮርፖራል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሻይ ጠየቀ፣ ሁለት ላሚንግተንም በላ።

ግሌኒስ በኋላ ካርዱን በታይፕ አስጽፋ ልትቀይረው ፈልጋ ነበር። የክላሪ ጽሑፍ ጠማማ ነው፣ ቀለሙም ትንሽ ተርመጥምጧል። ጠማማ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የማይወስደው ሮይደን ግን እንዳትነካው ለመናት።